ድምቀቱን ተዉት፣ ጊዜውን ቁጠሩ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩላችሁ፤ ሻይም ቡናም ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት። ስለ አንድ ቴርሞሜትር ነው። ሜርኩሪ የለውም። የኤሌክትሪክ ሽቦ የለውም። ጫፉ ላይ ያለችው የመስታወት ክር ላይ የተጣበቀች ትንሽ ዱቄት ብቻ ናት። ይህቺ ዱቄት ግን ሌላው ቴርሞሜትር ድርሽ የማይልበት ቦታ ገብታ ሙቀቱን ትነግረናለች።

መጀመሪያ ችግሩን እንይ።

ሙቀት መለካት ቀላል ይመስላል፣ አይደል? ክሊኒክ ስንሄድ ብብታችን ውስጥ ያስገቡልናል፣ በቃ። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ቴርሞካፕል የሚባል አለ፤ ሁለት የተለያዩ የብረት ሽቦዎች ጫፋቸው ተገናኝቶ ማለት ነው። ጫፉ ሲግል ትንሽዬ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ ያንን አንብበን ሙቀቱን እናውቃለን። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

አሁን ይህንኑ ሽቦ 500 ኪሎ ቮልት ያለበት ትራንስፎርመር ጥቅል ውስጥ አስገባነው እንበል። ሽቦው ይዞልን የሚወጣው የሙቀቱን ወሬ ብቻ አይደለም፤ ቮልቴጁንም ይዞ ይመጣል። ንባቡን ሊያይ የቆመው ሰው አለቀለት ማለት ነው። ኤም አር አይ ማሽን ውስጥ ቢገባስ? ማሽኑ የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ሽቦው ላይ ከረንት ይፈጥራል፣ ሽቦው ራሱ ይግልና የታመመውን ሰው ሊያቃጥል ይችላል። ማይክሮዌቭ ምድጃ ውስጥ ማንኪያ ረስቶ ብልጭታ ያየ ሰው ደግሞ ቀሪውን ያውቀዋል።

«ታዲያ በኮቪድ ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደግኑብን የነበረውስ?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እሱ ግን የሚያየው ላይ ላዩን ነው። ከወፍራም ብረትና ከቶን በሚቆጠር ዘይት ውስጥ የተደበቀን ነገር ከውጭ ሆኖ ሊያይ አይችልም።

ከእነዚህ ቦታዎች ዛሬ አንዱን ብቻ እንያዝ፤ ትራንስፎርመሩን። ብዙዎቻችሁ ትራንስፎርመርን የምታውቁት ሰፈራችሁ ፖል ላይ ሲፈነዳ ነው። ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ያለው ትልቁ ግን ቤት ያህላል። ውስጡ የመዳብ ጥቅል አለ፤ መዳቡ የተጠቀለለው በምን መሰላችሁ? በወረቀት! አዎ፣ ከእንጨት በሚሠራ ወረቀት። ከዚያ በዘይት ይሞላል። ዘይቱ ቢያረጅ ይጣራል፣ ካልሆነም ይቀየራል። ወረቀቱ ግን አንዴ ከደረቀና ከተሰባበረ፣ ትራንስፎርመሩን ፈትቶ ጥቅሉን እንደገና ካልሠሩት በቀር የሚቀየርበት መንገድ የለም። ስለዚህ የባለሙያዎቹ አነጋገር «የትራንስፎርመር ዕድሜ የወረቀቱ ዕድሜ ነው» የሚል ነው።

ወረቀቱን የሚገድለው ደግሞ በዋናነት ሙቀት ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለትራንስፎርመር አጫጫን ያወጣው መመሪያ ለተራው ወረቀት መነሻ አድርጎ የሚወስደው 98 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ነው። ይህ የዘይቱ ሙቀት አይደለም፤ ጥቅሉ ውስጥ እጅግ የጋለችው ነጥብ ሙቀት ነው። ከዚያ ወዲያ በየ6 ዲግሪው ወረቀቱ የሚያረጅበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። 104 ላይ ሁለት እጥፍ፣ 110 ላይ አራት እጥፍ፣ 116 ላይ ስምንት እጥፍ። 116 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት መሥራት ማለት ከዕድሜው ላይ ስምንት ሰዓት መብላት ማለት ነው።

እንግዲህ ያቺን የጋለች ነጥብ ማወቅ የግድ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን ሙቀቷ ይገመት ነበር እንጂ አይለካም ነበር። ትራንስፎርመሩ ጎን ላይ የተሰቀለው ባለ ክብ ፊት ጌጅ «የጥቅል ሙቀት» ይላል፤ ጥቅሉን ግን ነክቶት አያውቅም። የሚለካው ከላይ ያለውን የዘይት ሙቀት ነው። በዚያ ላይ ከትራንስፎርመሩ ሎድ ጋር የሚመጣጠን ትንሽ ከረንት ተቀንሶ ይመጣለትና ጌጁ ዘንድ ያለች ትንሽ ማሞቂያ ያግላል። ሎዱ ሲጨምር ማሞቂያዋ ትግላለች፣ ቀስቱም ከፍ ይላል። ዘይቱ ላይ ግምት ተጨመረበት ማለት ነው። የታመመን ሰው ሳይነኩ፣ የክፍሉን ሙቀት አይተውና የደረበውን ብርድ ልብስ ቆጥረው ትኩሳቱን እንደ መናገር ነው። አሠራሩ ብልህ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ማሞቂያዋ በትክክል ካልተስተካከለች ግን ጌጁ በሙሉ ልብ ይዋሻል።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ አንድ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ተረኛ ኦፕሬተር ነው። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ይቅር። በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦

«ቲቸር፣ ይቅርታ በምሽት ስላስቸገርኩዎት። ትራንስፎርመራችን ሁለት መለኪያ አለው። አሮጌው ጌጅ 86 ይላል። ሌላው ከውስጥ በፋይበር የሚመጣ ነው፣ ስክሪኑ 99 ይላል። ሰዎቹ “መስታወት ምን ያውቃል፣ ጌጁን እመን” ይሉኛል። መጽሐፉ ላይ ፍሎረሰንስ ምናምን የሚል አለ። ብርሃን እንዴት ሙቀት ያውቃል?»

ጥያቄው የፈተና ጥያቄ አይደለም እኮ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ምጣዱም ምድጃውም ቴሌቪዥኑም በአንዴ ሲበራ ሎዱ ይወጣል። 99 እውነት ከሆነና ሎዱ እየጨመረ ከሄደ፣ አንድ መስመር ማጥፋት ሊኖርበት ነው፤ ያ ማለት ግማሽ ከተማ ጨለማ። 99 ውሸት ከሆነ ደግሞ ሕዝቡን በከንቱ ነው የሚያጨልመው። እውነቱን ችላ ቢል ግን በየምሽቱ ወረቀቱ እየተቃጠለ ነው፤ አንድ ቀን ጠቅላላው ይሄዳል፣ እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ደግሞ ከሱቅ አይገዛም። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው 13 ዲግሪ ነው። በየ6 ዲግሪው እጥፍ ካልን፣ በዕድሜ አቆጣጠር ከአራት እጥፍ በላይ ልዩነት አለው።

ለእሱ የጻፍኩለትን ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

በየክፍላችን ጣሪያ ላይ የነበረውን ረጅሙን ነጭ አምፖል አስታውሱ። ስሙ ራሱ ፍሎረሰንት ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት የሚሰጠው ብርሃን በአብዛኛው ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ነው። መስታወቱ ከውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት ያንን ይውጥና የሚታይ ብርሃን አድርጎ ይተፋዋል። አንድ ዓይነት ብርሃን ውጦ ሌላ ዓይነት መትፋት፣ ፍሎረሰንስ ማለት ይኸው ነው። ስሙን ያወጣለት ጆርጅ ስቶክስ የተባለው ሳይንቲስት ነው፣ በ1852 እ.ኤ.አ.፤ ፍሎርስፓር ከሚባለው ማዕድን ወስዶ።

ዱቄቱ ግን የዋጠውን ወዲያው አይተፋም፤ ጥቂት ይቆያል። ብርሃኑን ብናጠፋበት እንኳ ለትንሽ ጊዜ እየደበዘዘ ይበራል። ይህንን ቆይታ ለመለካት ኤድሞንድ ቤክሬል የተባለ ፈረንሳዊ በ1850ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አንድ መሣሪያ ሠራ። ቀዳዳ ያላቸው ሁለት የሚሽከረከሩ ክብ ሳህኖች መሃል ዕቃውን ያስቀምጣል። በአንዱ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል፣ ያ ሲዘጋ በሌላው ቀዳዳ ዓይን ያያል። ሳህኖቹን በፍጥነት ባሽከረከራቸው ቁጥር ብርሃኑ ከጠፋ ከሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ዕቃው ምን እንደሚመስል ማየት ቻለ። ቤክሬል የሚለው ስም ከራዲዮአክቲቪቲ ትምህርት ትዝ ካላችሁ፣ ያኛው ሄንሪ ነው፣ በ1896 እ.ኤ.አ. ራዲዮአክቲቪቲን ያገኘው፤ የዚህኛው ልጅ ነው። አባት የብርሃንን መክሰም ለካ፣ ልጅ የአቶምን መፈራረስ አገኘ። ሁለቱም የሚገዙት በአንድ ዓይነት ሕግ ነው፤ ሃፍ ላይፍ ብላችሁ የተማራችሁት።

ሕጉን በትምህርት ቤት በር እንየው። 1,000 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ደወል ተደወለ። በየ2 ደቂቃው ግቢው ውስጥ ከቀሩት ግማሾቹ ይወጣሉ እንበል። 1,000 የነበሩት 500፣ ከዚያ 250፣ ከዚያ 125 ይሆናሉ። ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ 100 ተማሪ ብቻ ነው ያለው፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። 100፣ 50፣ 25። የተማሪው ብዛት አሥር እጥፍ ይለያያል። የመጋመሻው ጊዜ ግን ለሁለቱም 2 ደቂቃ ነው።

አሁን ሙቀትን እናስገባ። ብርሃን የዋጠ አቶም ጉልበቱን የሚያወርድበት ሁለት በር አለው። ዋናው በር ብርሃን መትፋት ነው። የጓሮው በር ደግሞ ጉልበቱን ለዙሪያው ንዝረት፣ ማለትም ለሙቀት፣ አስረክቦ ዝም ብሎ መውረድ ነው። ዕቃው ሲቀዘቅዝ የጓሮው በር ገርበብ ያለ ነው። ሲግል ወለል ብሎ ይከፈታል። እኛ የምናየው በዋናው በር የሚወጡትን ብቻ ነው፤ ነገር ግን በጓሮ የሚያመልጡት ሲበዙ ግቢው ቶሎ ይራቆታል፣ የዋናው በር ሰልፍም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ዕቃው በጋለ ቁጥር ብርሃኑ ቶሎ ይከስማል። የመክሰሚያውን ጊዜ ለካን ማለት ሙቀቱን ለካን ማለት ነው!

መሣሪያው ይህንኑ ነው የሚሠራው። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ዱቄቶች የታወቀው በማንጋኒዝ የተቀመመ የማግኒዝየም ፍሎሮጀርማኔት ነው። በነገራችን ላይ ይኸው ዱቄት የድሮዎቹ የሜርኩሪ መብራቶች ብርሃን ላይ ቀይ ለመጨመር ይቀባ የነበረ ነው። የመስታወቱ ክር ጫፍ ላይ ይጣበቃል። ከወዲያኛው ጫፍ መሣሪያው የሐምራዊ ወይም የሰማያዊ ብርሃን ብልጭታ ይልካል። ብርሃኑ ክሩ ውስጥ እየነጠረ ይሄዳል፤ ቶታል ኢንተርናል ሪፍሌክሽን ብላችሁ ሸምድዳችሁት የነበረው ነገር ሥራው ይኸው ነው። ዱቄቱ ይውጠዋል፣ ቀይ ብርሃን ይተፋል፣ ቀዩ በዚያው ክር ተመልሶ ይመጣል። ብልጭታው ጠፍቷል፣ ቀዩ እየከሰመ ነው። መሣሪያው ጊዜውን ይቆጥራል፤ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ነው። አለቀ። ትራንስፎርመሩ ውስጥ ብረት አልገባም፣ ከረንት አልገባም። የገባው መስታወት፣ ፕላስቲክ ሽፋንና ቁንጥር ዱቄት ነው።

«ቲቸር፣ ድምቀቱን ብቻ ለምን አይለካም? ሲግል ብርሃኑ ይቀንስ የለ?» የሚል ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ችግሩ ድምቀት በብዙ ምክንያት ነው የሚቀንሰው። ክሩ ታጠፈ፣ ቀነሰ። ማያያዣው ላይ አቧራ ገባ፣ ቀነሰ። የብርሃን ምንጩ አረጀ፣ ቀነሰ። የቱ ሙቀት የቱ አቧራ እንደሆነ በምን ይለያል? ጊዜን ስንቆጥር ግን ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል። ጤነኛው ክር ላይ የሚመጣው ብርሃን 1,000 ከሆነና ከ2 ሚሊ ሰከንድ በኋላ 500፣ ከ4 በኋላ 250 ከሆነ፣ መጋመሻው 2 ነው። ክሩ ተጎድቶ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ብርሃን መንገድ ላይ ቢቀር 100፣ 50፣ 25 ይመጣል። መጋመሻው አሁንም 2 ነው። መንገዱ ብርሃኑን ሊሰርቀው ይችላል፤ ሰዓቱን ግን ሊሰርቀው አይችልም። ሁለቱን ትምህርት ቤቶች አስታውሱ።

ይህን ሐሳብ ወደ ገበያ ካወጡት መካከል ቀዳሚው በ1978 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የተቋቋመው ሉክስትሮን የሚባል ድርጅት ነው። የመጀመሪያ መሣሪያቸው ጊዜ አይቆጥርም ነበር፤ ዩሮፒየም ያለበት ዱቄት የሚተፋቸውን ሁለት ቀለማት ድምቀት ያነጻጽር ነበር። በ1980ዎቹ ግን ጊዜ ወደ መቁጠሩ ዞሩ። አንድ ዱቄት፣ አንድ ክር፣ አንድ ሰዓት፤ ቀለለ።

ዘዴው ተአምር አይደለም፤ ጉድለቱንም እንናገር። ብርሃኑ ከመጠን በላይ ከተዳከመ ንባቡ መወላወል ይጀምራል። እጅግ ሲግል ደግሞ የጓሮው በር ሁሉንም ይወስድና ዱቄቱ ጭራሽ አይበራም፤ ስለዚህ ለእቶን እሳት ሌላ ዓይነት ዕቃ ይፈለጋል። ክሩ ጥቅሉ ውስጥ የሚገባው ትራንስፎርመሩ ሲሠራ ነው፤ በኋላ ቢሰበር ገብቶ መቀየር አይታሰብም ማለት ይቻላል። ከሁሉም በላይ፣ የሚነግረን ጫፉ ያለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። የጋለችው ነጥብ ሌላ ጋ ከሆነች አያውቃትም። ለዚህ ነው አምራቾች አንድ ሳይሆን ብዙ ክር በተለያየ ቦታ የሚያስገቡት።

እንግዲህ ለልጁ ምን አልኩት? እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ የኃይል ኢንጂነር አይደለሁም። «ይህን እመን» አላልኩትም። ሦስት ነገር አይተህ ንገረኝ አልኩት።

አንደኛ፣ ሌሎቹ ክሮች ምን ይላሉ? ሁሉም በአንድነት ካልተበላሹ በቀር አንዱ ሌላውን ይመሰክርለታል።

ሁለተኛ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሎዱ ሲወርድ ሁለቱን ንባቦች ጻፍልኝ። ሎድ ሲያንስ ጥቅሉ ከዘይቱ ብዙም አይበልጥምና ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ሎዱ ድንገት ሲጨምር የትኛው ቀድሞ ይነሣል? ብዙ ቶን ዘይት ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጅበታል። መዳቡ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ጥቅሉን በእውነት የሚነካ መለኪያ በደቂቃዎች መነሣት አለበት።

በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ በየግማሽ ሰዓቱ የተጻፈ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ሰንጠረዥ! ከአራቱ ክሮች ሦስቱ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት አንድ ላይ ናቸው፤ አራተኛው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሌሊት ላይ ጌጁና ፋይበሩ በ2 ዲግሪ ብቻ ነው የሚለያዩት። ምሽት ላይ ግን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሎዱ በጨመረ ቁጥር ይሰፋል። ፋይበሩ ሎዱ ሲጨምር በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል።

ከዚህ በኋላ ራሱ ነው የፈታው። «ቲቸር፣ መስታወቱ ውስጥ ከረንት የለም፤ ስለ ሎድ በምን ያውቃል? ሎድን ተከትሎ የሚመጣ ስሕተት ከሆነ፣ ሎድን የምትገምተው የጌጁ ማሞቂያ ናት የተሳሳተችው» አለኝ። ይህንን የጻፈው የክፍሌ የመጨረሻ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው! ሰንጠረዡን ይዞ ለአለቃው አሳየ። እስኪጣራ ድረስ ከምሽቱ ሎድ የተወሰነውን ወደ ሌላ ትራንስፎርመር አዞሩት፤ ከተማው አልጨለመም። ባለሙያ መጥቶ ሲያየው የጌጁ ማሞቂያ ከሚገባው በታች ተስተካክሎ ነበር። ከምን ያህል ጊዜ ጀምሮ? ማን ያውቃል። ወረቀቱ ግን ቆጥሮታል።

በየዓመቱ ክፍል ውስጥ «ይሄ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አለ። ጥያቄው ያናድደኛል የሚል መምህር አለ፤ እኔን አያናድደኝም። ሃፍ ላይፍ ለፈተና የተሸመደደ ነገር ነበር። ልጁ ግን በአንድ ምሽት፣ አንድ ከተማ ከኋላው ቆሞ፣ ሁለት ቁጥር ፊቱ ላይ ተደቅኖ፣ የትኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነበረበት። «ጌጁ ይላል»፣ «ስክሪኑ ይላል» ብሎ ነገር የለም። ምኑን ለክቶ ነው የሚለው? በመንገድ ላይ ምን ሊያበላሸው ይችላል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዛችሁ ከወጣችሁ፣ ቀመሩን ብትረሱት አልቀየምም።

በመጨረሻ ለአሁን ተማሪዎቼ የቤት ሥራ። ጨለማ ውስጥ የሚያበሩ የልጆች ስቲከሮች አሉ አይደል፣ ኮከብ ኮከብ የሚመስሉት? ሁለት አንድ ዓይነት ውሰዱና በስልካችሁ ባትሪ እኩል አብሩባቸው። ከዚያ አንዱን ሙቅ ውኃ ውስጥ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱና መብራት አጥፉ። ሙቁ መጀመሪያ ደምቆ ይታያል፣ ግን ቶሎ ይከስማል፤ ቀዝቃዛው ደብዘዝ ብሎ ይቆያል። ውስጣዊ አሠራሩ ከፋይበሩ ዱቄት ጋር ልክ አንድ አይደለም፤ ሙቀት ሰዓቱን ሲለውጠው ግን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ውኃው የፈላ አይሁን፣ ትናንሾቹ ወንድሞችና እኅቶቻችሁ እንዳይቃጠሉ። ስንት ደቂቃ እንደቆዩ ቁጠሩና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሰንጠረዥ የሠራ ደግሞ ማስመሪያ ይጠቀም!

ቸር ሰንብቱልኝ።